ዚግዛግ

መኪና ግርግር ላይ፣ ከቁልቁለቱ ወገብ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ሳሰፋ፣ ሳጠብብ፣
የሐረርን ሰው በሜትር አውቀዋለሁ፤
ማን ከሳ፣ ማን ወፈረ፣ ከራሱ ቀድሜ እሰማለሁ።

ሩማና ከጓዳ፣ ከግድግዳው ማዶ፣
"ብርሃኑ መጣ" ትለኛለች፣ ድምጿ ወርዶ።
"ምን ዓይነት?" እላት ነበር በመጀመሪያው ሰሞን።
"ያንተ ዚግዛግ ስፌት፤ ጥርሱ የሚያበራ፣
ከጥግ ተነስቶ ጨርቁን እየበላ።"
ከዚያ ግማሽ ፊቴ ይጠፋባታል፤
ከዚያ ግማሽ ራሷን ሚስማር ይመታታል።

ያን ጊዜ እግሬን ከፔዳሉ አነሳለሁ።
ኢድሪስ ቁልፍ ሰፊውም ያያል፣ ያቆማል፣
ነስሪ ባለካውያው ሬዲዮኑን ይዘጋል፣
"የሩማና ራስ ነው" ይባባላሉ፣
መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ።
መስኮቱን በጥቁር ገበርዲን እጋርዳለሁ፣
እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አሥራለሁ፣
በሩን ገጥሜ እወጣለሁ።
ፍቅር የምለው ይህን ነበር፦
ጨለማ ሰፍቶ ማልበስ።

ዓይን ነው አሉ። ምች ነው አሉ።
"ሚግሬን" ያለው የፋርማሲው ልጅ ብቻ ነው፤
ኪኒኑንና ስሙን ይዘን ተመለስን፣
ስም ካገኘንለት ምን ቀረ ብለን።

ሸዋል ዒድ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሥራ እስከ ጣሪያ ተከምሮ፣
"ዛሬስ ብርሃኑም የለ" አለችኝ፣
"መንጋጋዬን... ክንዴን... እንጃ፣ ደከመኝ።"
"ራስሽ ነው" አልኳት፣ መርፌ በጥርሴ ይዤ።
መስኮቱን ጋረድኩ። ጨርቁን አራስኩ። በሩን ገጠምኩ።
ልብ አላልኩም።

(ስንቴ እንላታለን ይህችን ቃል፣
ውስጧ ያለውን ሳንሰማው!)

ሲመሽ፣ በባጃጅ፣ ላቧ ሸሚዜን አልፎ፣
የአምስቱ በር ሁሉ መንገድ ረዝሞ...

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፣ እንቅልፍ ያጣች።
ሙያዬን ጠየቀችኝ። ወረቀት ሳበች፣ ሁለት ክብ ሣለች፣
ከአንዱ ወደ አንዱ መስመር።
"በአንድ ክር የተሰፉ ናቸው" አለች።
"ራሱን ያመመው ሁሉ ልቡን አይታመምም፣ እንዳይመስልህ፤
ግን ብርሃን የሚቀድመው ሕመም ሲመላለስ፣
የደም ሥሯን፣ ግፊቷን፣ ልብ ማለት ነበረብን።"
ነበረብን አለች።
ነበረብህ አላለችም።
ያቺን "ብን" እስከ ዛሬ እንደ ልብስ ደርቤአታለሁ፤
አትበቃኝም፣ ትከሻዬ ላይ ትጠባለች።

ሩማና ተርፋለች።
ክኒኗን በጠዋት ትውጣለች፣ ወጡን ያለ ጨው ሠርታ
እኔን ታየኛለች፣ እስክበላ።
ብርሃኑም አልቀረ፤ በወር አንዴ፣ ሁለቴ ይመጣል።
"ደረትሽስ?" እላታለሁ ከደፉ ቆሜ። "ክንድሽስ?"
"ራሴን ነው ያልኩህ፣ ሰውዬ! ሂድ፣ ሸሚዝህን ስፋ።"

እሄዳለሁ።
በሩን ግን አልገጥምም፤ የጣት ስፋት እተዋለሁ።
እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳርፌ፣ ሳልረግጥ፣
መንገዱ ሁሉ ጸጥ ባለበት፣
ትንፋሿን እለካለሁ፣
ያለ ሜትር።