ቅሉ ሳይሰበር

ቅርያት ማላኪ፣ ክሊኒኩ፣ ሁለተኛ ፎቅ፤
መስኮቱ ላይ የሐምሲን አቧራ፣
ኮሪደሩ ላይ ቁጥሩን የሚጠብቅ ሰው።
ሥራዬ ቃል ማሻገር ነው፣
ከዚያ ማዶ የተወረወረውን
መሬት ሳይነካ ቀልቤ ለዚህ ማዶ ማቀበል።

ሐኪሟ ሁለት ቃል ጣለችልኝ፦ «ዛዓዙዓ ሞአኽ»።
ወይዘሮ ጥሩወርቅ አፍ አፌን አየች።
ልጇ ናዳቭ፣ የአሥራ አራት ዓመት በረኛ፣
ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ
ከመብራቱ ተደበቀ።

ቃሉን ፈለግሁ።
«የአንጎል መናወጥ» ብላት መጽሐፍ መጽሐፍ ይላል፣
ሰው ቤት አይገባም።
«ናላው ዞሯል» ብላት ስድብ ይሆንብኛል።
ከራሷ ጓዳ ተበደርሁ፦
«እትዬ፣ የወተት መግፊያ ቅል ታውቂያለሽ?
ተገፍቶ ተገፍቶ ሲያበቃ
ቅሉ ደህና ነው፣ ስንጥቅ የለው፣
ውስጡ ያለው ግን እንደነበረ አይደለም።
የናዳቭም የራስ ቅል አልተሰበረ።
እርጎው ነው የተናጠ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ራሱን ስቶ ነበር?»
አልሳተም።
ከግቡ ቋሚ ጋር ተላትሞ ተነሣ፣
ጓንቱን አራገፈ፣ ሁለት ኳስ አዳነ።
አውቶቡስ ውስጥ ግን ውጤቱን ሦስት ጊዜ ጠየቀ፣
ማታ እኅቱን ሊጠራ ስሟ ካፉ ጠፋ።
ራሱን ሳይስትም ሰው ከራሱ ይርቃል፤
ይህችን እኔ ጨመርሁ።
አስተርጓሚ መጨመር አልተፈቀደለትም።

«በሴዴር ነኝ» አለ ልጁ፣ ዓርብ ጨዋታ አለው።
በሴዴር!
ከአውሮፕላን እንደወረድን የለመድናት፣
ሲያመንም ሲከፋንም
እንደ ነጠላ ጣል የምናደርጋት ቃል፤
አስተርጓሚ አትሻም፣
ሐኪምም አታሳልፍም።

«ማንን ነው እንዲህ የሚያገኘው?» አለች እናት።
ሐኪሟ ቆጠረች፣ እኔ ተከተልኋት፦
አንዴ ተመትቶ ሳይድን ሜዳ የተመለሰ፣
እሱ ከሁሉ ይብሳል፤
ኳስ በግንባሯ የምትመልስ ልጅ፣
በኤሌክትሪክ ብስክሌት ያለ ሄልሜት የሚከንፍ፣
ፍንጣሪ ሳይነካው የፍንዳታው ነፋስ የመታው ወታደር፣
ከመሰላል የወደቀ ቀለም ቀቢ።
«ሽማግሌም» አለች፣ እስክሪብቶዋን እየከደነች፣
«መታጠቢያ ቤት የሚያዳልጠው።
ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነማ
ያን ቀን ደህና መስሎ፣ ከሳምንታት በኋላ...»

እዚህ ላይ አፌ ቆመ።

አባቴ አቸነፍ፣ ሰማንያ አንዱን የያዘ፣
በፋሲካ ሰሞን ሻወር ቤት ወደቀ።
ደግፌ ሳነሣው ሳቀብኝ፦
«ምን ያስደነግጥሻል? አገሬ ገብቼ የለ?
ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል!»
አብሬው ሳቅሁ።
ድንጋዩም ያገሩ ልጅ መሆኑን
ሁለታችንም ረሳን።

ከዚያ ወዲህ ግንባሩን በመሐረብ ሸብ ያደርጋል፣
ሬዲዮኑን ቀንሱ ይላል፣
ቁልፉን በእጁ ይዞ ቁልፍ ይፈልጋል።
እኔም «እርጅና ነው» ብዬ ተረጎምሁት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የባዕድ ሕመም ሳሻግር
አንድ ቀን አልተሳሳትሁም፣
የቤቴን ግን...

«ቀጥዪ እንጂ» አለች ሐኪሟ።
ቀጠልሁ፦ ጨለማ ክፍል፣ እንቅልፍ፣ ስልክ የለም፣
ኳስ የለም፣ እኛ ካላልን በቀር።
ካስመለሰው፣ ካንቀላፋና አልነቃ ካለ
ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል።
ናዳቭ ዓርብን አስቦ አለቀሰ፤
እንባውን አልተረጎምሁም።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ወደ ቤት ደወልሁ።
ጮኸ፣ ጮኸ፣ ተነሣ።
«አባዬ» አልሁ።
«ማን ልበል?» አለኝ።

የስልክ ወግ ይሁን፣ የእውነት ጥያቄ፣
እኔ፣ አስተርጓሚዋ፣
መለየት አቃተኝ።