ከመቼ ጀምሮ

መስኮት ቁጥር አራት፣ የሬጅስትራሩ ደጅ፣
ፎቶ ኮፒው በእጄ፣ ዋናው በደረቴ፣
ሦስት ጉርድ ፎቶ፣ ያልሳቀ ፊቴ።

አባ ኮዳዎቹ ጣሪያው ላይ ተሰልፈው፣
እንደ ጡረተኛ ክንፋቸውን አጥፈው
ቁልቁል ያዩናል።
እነሱን ማን ጠይቋቸው ያውቃል?
ፈቃድ ሳያሳድሱ፣ ቀን ሳያስቆጥሩ፣
ከሐዋሳ ሐይቅ በልተው፣ በሐዋሳ ዛፍ ያድራሉ።

ተራዬ ደረሰ። ወይዘሮ ዘነቡሽ
መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።
"ስም?"
"ኛኮንግ ሩዋች።"
"ኛ? ስንተኛ?" አሉና፣ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።
በመጀመሪያው ዓመት ሳይገባኝ ሳቅሁ፣
በሁለተኛው ገብቶኝ አለቀስሁ፣
በሦስተኛው ማንም ሳይጠይቀኝ ቀድሜ ቀለድሁ፤
ዛሬ ግን
"መቶኛ" አልኋቸው፣ ፈገግ አሉ።

"የጋምቤላ ልጅ ነሽ?"
"ከጋምቤላ ማዶ።"
ማዶ ማለት ሩቅ አይደለም፤
ባሮን የሚዋኝ ልጅ ትንፋሹ ሳያልቅ የሚደርስበት ነው።
የአክስቴ ልጅ በዚህኛው ዳር ተወለደ፣ መታወቂያ አለው፤
እኔ በዚያኛው ተወለድሁ፣
ፋይል አለኝ።

ፋይሉ ተከፈተ። አቧራው ተነሣ።
"የውጭ ዜጋ" ይላል፤ ከሥሩ ክፍያ፣ በዶላር፣ በደረሰኝ፣
ደረሰኙ የማያውቀውን እኔ ነኝ የማውቀው፦
አጎቴ ጋትዌች በሬዎቹን ሲሸጥ
በየስማቸው ጠርቶ ነው የሸኛቸው፤
አንዱ ባለ ነጭ ግንባር የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ሆነ፣
ቡላው፣ ቀንደ ጎባጣው፣ የላቦራቶሪ ሆነ።

"እሺ፣ ምን ፈለግሽ?"
"ሁኔታዬን ልቀይር።"
"ሁኔታሽ ምን ሆነ?" አሉ፣ ካርዴን ተቀብለው።
ቋሚ ነዋሪ፣ ይላል።
ገለባብጠው አዩት፣ ጥፍራቸውን ጠርዙ ላይ አስሄዱ፣
"ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ነው፣
የተከፈለ አይመለስም" አሉ።
አውቃለሁ እማማ፤ የተሸጠ በሬ በረቱን አያውቅም።

ቅጹን ሰጡኝ። አሥራ አንደኛው መስመር፦
ቋሚ ነዋሪ የሆኑት ከመቼ ጀምሮ ነው?
ነጥብ ነጥብ ነጥብ፣ ከጣቴ የማይረዝም ክፍት ቦታ።

ከመቼ?
አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሻጩ ሲያታልለኝ፣
በሲዳምኛ ተሳድቤ፣ ሰውየው ደንግጦ
አንድ ዓሣ ከጨመረልኝ ቀን?
ወይስ ፒያሳ ላይ፣ በዝናብ፣ ከአዳማ የመጣ ሰው
"ታቦር በየት ነው?" ሲለኝ
ሳላስብ እጄን ከዘረጋሁ?
ወይስ የባጃጁ ልጅ
"ፈረንጅ ዋጋ" ሲለኝ፣
"የየትኛው ፈረንጅ?" ብዬ፣ ሁለታችንም ስቀን፣
በሃገሬው ሒሳብ ከወሰደኝ ማታ?
ለዚህ ሁሉ መስመሩ አይበቃም።
ጻፍሁ፦
መጋቢት ዘጠኝ።

ወይዘሮ ዘነቡሽ ራሳቸውን ነቀነቁ።
"በፈረንጆቹ ነው የሚሞላው፤
እስክፈርምልሽ ድረስ የውጭ ዜጋ ነሽ እኮ፣ ልጄ።"

ሰረዝሁት። እስክሪብቶዬ ቆመ።
መጋቢት... ማርች... ሰባት ነው የሚደመረው? ስምንት?
እዚህ ስመጣ
ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነው ቢሉኝ
እንደ ስሜ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር፤
ጳጉሜን አምስት ቀን ናት ሲሉኝ
የቀረውን ማን ሰረቀው ብዬ ነበር።
አሁን ያ የልጅነቴ ቀን መቁጠሪያ
ከጭንቅላቴ የትኛው ኪስ እንደገባ ጠፋኝ፤
ጣቶቼን አጥፌ፣ ከንፈሬን አንቀሳቅሼ፣
ከመጋቢት ወደ ኋላ፣ ወደ ማዶ፣
አንድ በአንድ፣

ሰልፉ ከኋላዬ ተጉረመረመ፤
አንዱ "አሥራ ስምንት" ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ፤
አላመንሁትም፣ እንደገና ቆጠርሁ፤
ወይዘሮ ዘነቡሽ
ማኅተሙን በአየር ላይ እንደያዙ
ጠበቁኝ።