ወንዙ ወጣ ብሏል

አሥራ አራት ብስክሌት ከፊቴ አሰልፌ፣
በፒካፑ ጀርባ ፓምፕ ተደግፌ፣
ከሰማኢል ኢዝኪ፣ ከኒዝዋ ባህላ፣
«ወንዝ ለወንዝ» ይላል ወረቀቱ፣ ካንዱ ወደ ሌላ።

«ወንዙ ግን የታለ?» ትለኛለች ሮዌና፣
ማኒላ ያደገች፣ ወንዝ ለምዳለችና።
ከድልድዩ በታች ድንጋይ፣ ፍየል፣ ድንጋይ፣
የጎርፍ መለኪያ ምሰሶ ባዶ ሜዳ ላይ፣
ሁለት ሜትር ድረስ ቀይና ነጭ ቀለም
ተቀብቶ ይጠብቃል። የሚለካው የለም።

ኢዝኪ ስንደርስ፣ ከፈረሰው ግንብ ሥር
ሽማግሌው ኸልፋን ዘረጋልን ተምር።
«ወንዙ?» አለ፣ ልክ እንደ ጎረቤት ሰው፣
«ወጣ ብሏል እንጂ ቤቱማ ይኸው ነው።
ሲመጣ አያንኳኳም፤ ባንድ ሌሊት ገብቶ
የወንድሜን መኪና ሄዷል ጎትቶ።»

«ከዚያስ?» አልኩት እኔ፣ በተሰባበረ ዐረብኛ።
«ከዚያማ አሸዋ ይጠጣዋል፤ ባሕር አይደርስም ወንዝ የኛ።»

የኔም ወንዝ፣ አዋሽ፣ መተሐራን አልፎ
ባሕር ሳያይ ይቀራል በረሃ ላይ አርፎ፣
ስለው ሳቀ ኸልፋን፤ እጄን ያዘ ጠበቅ።
«የወንዜ ልጅ» በሱ ቋንቋ ምን እንደሚባል አላውቅ።

በማግስቱ ኒዝዋ፣ ገበያው ዳር ደርሰን፣
የሮዌና ጎማ ተነፈሰብን።
ስንት ቀን በምራቄ ቀዳዳ ስፈልግ
እዚህ ውሃ አገኘሁ፣ ከዘንባባው ጥግ፣
ክንድ በማትሞላ ቦይ፣ ዝግ ብሎ የሚወርድ።

«ፈለጅ» ነው ስሙ አሉኝ። ለካ ያው ፈለግ ነው።
ከመነዳሪውን ቀስ አድርጌ ስነክረው
አሥራ አራቱም ጎንበስ አሉ፣ ከነሄልሜታቸው፤
ቡልቅ፣ ቡልቅ አለ።

እዚህ ጋ።