ማታ ሦስት ሰዓት

በእኛ ሰፈር ቋንቋ ያሸነፈ «በላ»፣ የተሸነፈ ግን «ተበላ» ይባላል፤
ዓሣ አጥማጅ ነኝ እኔ፣ የመብላት መበላቱ ነገር ከማንም በላይ ይገባኛል።

ቆረሶ አይጮህም የመረቡ ዓይን ሲጠበው፣
እኔም ዝም ነበርሁ፣
ሽምብጥ፣ ከዓሣው ገበያ ጀርባ፣ ስክሪኑ ሥር ቆሜ ቁጥር ሳነበንበው።

አሥራ አንድ ጨዋታ፤ አሥሩ ሠምሮልኝ፣
አንዲት አገሯን እንኳ የማላውቃት ቡድን፣ በባከነ ሰዓት፣ ጉድ ሠራችኝ።
«ለጥቂት ነው» አሉኝ። ለጥቂት፣ ለጥቂት፤
በዚያ በ«ለጥቂት» ነው የሄደው ሞተሩ፣ የሄደው እቁቡ፣ የጥሩዓለም ቀለበት፣
በመጨረሻም መረቡ፣ ከነቡሹ፣ ከነእርሳሱ፣
ለአንድ የዘጌ ልጅ፣ በግማሽ ዋጋው፣ በአንድ ቅዳሜ ሌሊት።

«መረቡስ?» አለችኝ ጥሩዓለም ማለዳ።
«ጉማሬ ቀደደው።»
ምስኪን ጉማሬ! ሣር ግጦ አዳሪውን፣ አሸከምሁት የእኔን ዕዳ።

ትርንጎን ያገኘኋት በዚያው ስልክ ነው፣ በዚያው በተሰነጠቀ መስተዋት፤
ውርርዱም እዚያው፣ እርዳታውም እዚያው፤ አንድ ደጅ፣ ሁለት ቤት።
መልኳን አላውቀውም። ድምጿንም አልሰማሁ። ማታ ሦስት ሰዓት
ትጽፋለች ብቻ፦ «ላቀው፣ አለህ?»
እመልስላታለሁ፣ አንዳንዴ በእውነት፣ አንዳንዴ በሐሰት።

«የጠፋውን ብር አትቁጠርልኝ» አለች፤ «እሱን ታውቀዋለህ፤
ሰዓቱን ጻፍልኝ፤ ልብህ ሲሸፍት የት ነህ? ከማን ጋር ነህ?»
ጻፍሁ፦ ማክሰኞ፣ ዐሥር ሰዓት፤ ዓሣ ሸጬ እጄ ገና ሳይደርቅ።
ሐሙስ፣ ጥሩዓለም ዝም ስትል።
እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ እስከ ፀሐይ መጥለቅ።

አንድ ማታ ደግሞ፦ «ምኞት ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ይተኛል፤ አሥር ደቂቃ ቻለው» ብላ ላከች።
ሳቅሁ። ጣናን ለእኔ! እሷ ባሕሩን በፎቶ እንጂ መች አየች?
«እመቤቴ» አልኋት፣ «የጣና ማዕበል በአሥር ደቂቃ አይተኛም፤
ከቀትር በኋላ ከተነሣ፣ ታንኳን ደንገል ውስጥ ሸሽጎ መቀመጥ ነው እንጂ፣ ሌላ መላ የለም።»
ቆየች። ቆየችና፦
«የአንተ ደንገል የት ነው?»

ያን ሌሊት አልተኛሁም።
ሲነጋ የስልኩን ብር መክፈቻ፣ አራቱን አኃዝ፣ ለጥሩዓለም አንድ በአንድ ቆጠርሁላት፤
የጉማሬውንም እውነት ነገርኋት።
አልጮኸችም። ቁጥሩን ቀየረችና፣ ቢላዋዋን ማጠብ ቀጠለች፤
«ጉማሬውን ይቅርታ ጠይቀው» አለች።

ዳንሁ አልልም። በጥቅምት አንዴ ወደቅሁ፣ በተበደርሁት መቶ ብር፤
ሦስት ማታ ሙሉ «አለህ?» ስትል መልስ ነሣኋት፣ ከኀፍረቴ ጋር ስማከር።
በአራተኛው ጻፍሁ፦ «ተበላሁ።»
«ተነከስህ እንጂ አልተበላህም» አለች፤ «የተበላ አይጽፍም።»
ይህን ቃል ለማንም አላሳየሁም።

አሁን በሰው ጀልባ፣ በሲሶ አድራለሁ፤
ማታ ማታ ደግሞ የራሴን መረብ እሠራለሁ፤
ክሩ ዱቤ ነው፤ ሥራውም ገና ክንድ አልሞላም፤
ጥሩዓለም ቁጥሩን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ዛሬ መብራትም ኔትወርክም ጠፍቷል። ባሕሩ ብቻ ነው በጨለማው የሚያወራ።
ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አለፈ፤ ከሁለቱም ቤት የሚጣራ
የለም። እጄ ቋጠሮው ላይ ነው። ልቤ ግን፣ አልዋሽም፣
ወዲያ ወዲህ ይላል።

ሳትጠይቀኝ ጻፍሁ፦ «አለሁ።»
አልሄደም። ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፤
እኔም አንድ ዓይን ቋጥሬ ሌላ እጀምራለሁ፤
ሲነጋ ይደርስ ይሆናል።