የአፍ ወለምታ

ዊኒፔግ። ሐሙስ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ
መስኮቱን ሸፍኖት ነጭ አመዳይ፣
ራዲያተሩ እንደ ሽማግሌ ሲያስል
ሥራዬን እጀምራለሁ፦ ሌላ ሰው መምሰል።

ደንቡ አጭር ነው፤ ፈርሜበታለሁ፦
እሱ «እኔ» ሲል «እኔ» እላለሁ፤
«አመመኝ» ሲል አመመኝ፣ «ጠላሁ» ሲል ጠላሁ፤
ሰዓቱ ሲያልቅ ኮቴን ለብሼ፣ ራሴን ይዤ እወጣለሁ።

ድልነሳው የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤
እንግሊዝኛው ለቲኬት፣ ለሰላምታ ይበቃል።
«ለዚህኛው ግን በአፍ መፍቻዬ ይሁን» አለ።
ድንክ አልጋው ላይ ጋደም በል ብትለው
«ሹፌር ተኝቶ አያወራም» ብሎ ወንበር ሳበ።

ያመጣው ጣጣ ይህ ነው። አንድ ፌርማታ አለ፣
ከጫማ ሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት፤
ሰው ቆሞ እጁን ቢያወዛውዝ አያየውም፣ ያልፈዋል።
በአንድ ክረምት አሥራ አንድ ጊዜ።
ዓይኑ ተመረመረ፤ የጭልፊት ዓይን ነው።
መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ፤
ሁለተኛው ሲደርሰው ወደዚህ መጣ።

ዶክተር ሜልኒክ ሰባ ሞልቷታል፤
የሹራቧ ክርን ተበስቷል፣ ግድም የላት።
«ማን ተሳፈረ ብለህ አትምረጥ፤ በሩን ብቻ ክፈት» አለችው።

መጀመሪያ የተሳፈረው ሆድ ነበር።
«ሆዴን ባር ባር ይለኛል።»
ምን ልበላት? ጨጓራ? ፍርሃት?
የእኛ ሆድ ይብሳል፣ ይሸሻል፣ ቂም ይቋጥራል፣ ያውቃል፤
የእነሱ ሆድ እህል ይፈጫል።
«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ብሎ ተረተ፤
ተረጎምኩ፤ ፈገግ አለች፤
«እኔ ጋ ጠላ የለም፤ ያለኝ ሐሙስ ብቻ ነው።»

ሐሙሶች አለፉ።
በሰባተኛው ህልም ይዞ መጣ፦
አውቶቡሱ ባዶ ነው፣ ደወሉ ግን ይጮሃል፤
ከኋላ ወንበር ላይ የወንድ ጫማ፣ አንድ እግር።
«አንድ እግር» አለች።
ዝም። ራዲያተሩ ሳለ።

«ያኔ አይሱዙ ስነዳ፣ ሞጆ መታጠፊያ ላይ
አባቴ ቆሞ ነበር፤
ጫማው ተበጥሶ በእጁ ይዞታል።
እጁን አነሳ። ተኳርፈን ነበር።
በስፖኪዮ እያየሁት ማርሽ ጨመርኩ።»

እኔም በእንግሊዝኛ፣ በዚያ ቀለም በሌለው ድምፄ፣
«ያኔ አይሱዙ ስነዳ» ብዬ ጀመርኩ፣
መታጠፊያውን አደረስኩ፣
«እናቴ ቆማ ነበር» አልኩ።

እናቴ።

ማንም እናት አላለም።
የሐኪሟ እርሳስ ቆመ።
ድልነሳው፣ እንግሊዝኛ የሚሰማው ድልነሳው፣
ዞሮ አየኝ፤
ሦስተኛው ወንበር ላይ ሰው እንዳለ
ዛሬ ገና የነገሩት ይመስል።

«ይቅርታ፣ የአፍ ወለምታ ነው» አልኩት።
እሱንም መተርጎም ነበረብኝ፦
በእኛ ዘንድ አፍ እንደ ቁርጭምጭሚት ወለም ይለዋል፤
ደግሞም በቅቤ አይታሽም ይባላል፤
ብዬ ልስቅ ስል
አሮጊቷ መነጽሯን አወለቀች፦

«እና በምን ይታሻል?»

ያን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤
በእልፍኝ፣ በሸንጎ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በለቅሶ ቤት፤
በምን ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

መልስ አልሰጠሁም። ተርጓሚ መልስ አይሰጥም።
ድልነሳውም ቀስ ብሎ ወደ አባቱ ተመለሰ፤
እኔም አብሬው፣ ቃል በቃል፣
ጫማውን፣ አቧራውን፣ ማርሹን፣
አባቱን «አባቴ» እያልኩ።

ሰዓቱ አለቀ። ኮቴን ለበስኩ፤
ራሴን ግን እንደጠፋ ጓንት
ወንበሩ ሥር ፈልጌ አጣሁት።

ፖርቴጅ ጎዳና ላይ ያገኘሁትን አውቶቡስ ተሳፈርኩ።
ሹፌሯ የማላውቃት ሴት ነች፤
በስፖኪዮዋ ማንንም አታይም።
እናቴ እዚሁ ከተማ ነው ያለችው፤
የእሷ ፌርማታ ሸርብሩክ ነው።
ከመስከረም ወዲህ በሯን አላንኳኳሁም።

ሸርብሩክ ልንደርስ ስንል እንቅልፍ ይወስደኛል።
ሁልጊዜ እዚያው ጋ።
ድካም ነው እል ነበር።