ትንሿ ምላስ

በረዶ ሳይቀድመን ጎማ ልንቀይር፣
ኤድመንተን ጋራዥ ቤት ቅዳሜ ተሰልፈን ስንማረር፣
ቦግዳን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማውን ፈቶ፣
ጠራኝ ባጭር ጣቱ፣ ዘይት ተቀብቶ።

“ይቺን ብረት እያት፣ ምላስ የምታህል፤
የፍሬን ሸራው ሳስቶ ሊያልቅ ሲል
ዲስኩን እየፋቀች ‘ድረሱ!’ ትላለች፤
ለጩኸት ብቻ ነው የተሠራች።”

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጩኸቷን ሰምቼ፣
ሬዲዮ ጨምሬ ነዳሁ፣ መስኮቱን ዘግቼ።

ባሌ ልሳነወርቅ፣ ሌሊቱን መጋዘን ሲሠራ አድሮ፣
ቆሟል ወገቡን ይዞ፣ ቃሉን ሆዱ ውስጥ ቀብሮ።

ለጎማ፣ ለሸራ፣ ለዘይት ከፍለን ስንወጣ
“አመመህ እንዴ?” አልኩት። ቶሎ መልስ አልመጣ።
“ደህና ነኝ” አለና
ሬዲዮኑን ከፈተው፣ ድምፁን ጨመረ እንደገና።

አጠፋሁት።