ያበዳሪዬ ድምፅ

ጥቅምት ነው። ደብረ ብርሃን ኬብል እንኳ ይደርቃል፣
ሲዘረጉት ይንጣጣል፣ ሲጠቀልሉት ያኮርፋል።
እኔን ግን ላብ አጥምቆኛል
ሙሉሸዋ ሱቅ ውስጥ፣ ከሁለት ስፒከር ፊት፣
ኪሴ ውስጥ የወንድሜን ብር፣ ጀርባዬ ላይ ጊታር ይዤ፣
ለመግዛት ጓጉቼ፣ ለመምረጥ ፈዝዤ።

ፕሮሰሰሬ ትንሽ ናት፣ ከጫማ ሣጥን ታንሳለች፤
መቶ አምፕሊፋየር ውጣ፣ በመቶ ዓይነት ታጓራለች።
ያሻኝን ትመስልልኛለች። የጎደላት አፍ ነው፣
የነገሩትን የሚያደርስ፣ ከራሱ የማይጨምር ሰው።

«ይሄን ውሰድ» አለች ሙሉሸዋ፣ «አሥራ አምስት ኢንች፣ ሁለት ሺህ ዋት፣
አዳራሽ ያነቃንቃል፣ ዘልቆ ይገባል እስከ አጥንት።»
እውነትም ደረቴን ሲመታኝ የሰው ቡጢ መሰለኝ።
ሌላው ጥግ ላይ ነበረ፤ ጠርዙ የተፋቀ፣ አሥራ ሁለት፣
እንኳን አዳራሽ ሊያነቃንቅ፣ ሰላም የማይል ለጎረቤት።

ጋሽ ይፍሩ፣ ሠላሳ ዓመት ራዲዮ የፈታ የገጠመ፣
«በጊታር አትፈትነው፣ ጊታር ያባብላል» አለኝ ቀስ ብሎ።
«ስልክህ ላይ የምታውቀው ሰው ድምፅ ካለ፣ እሱን አሰማኝ።»

የነበረኝ የገዝሙ ነው፣ የታላቅ ወንድሜ፣
ትናንት ማታ ከመሐል ሜዳ የላከው፦
«ብሬን መቼ ነው የምትመልስ? በግ ሸጬ እኮ ነው የሰጠሁህ።»

በትልቁ ሲናገር ገዝሙ ግርማ ሞገስ አገኘ፣
እንደ ጳጳስ ባረከኝ፣ ዕዳዬን የማረ መሰለኝ።
በትንሹ ገዝሙ ገዝሙን ነበር፣
ጉንፋኑ ከነሳሉ፣ ከኋላው ያልሸጣቸው በጎች፣
«መቼ?» ሲል የጥርሱ ፍጭት።
አፈርኩ።
«እሱን ግዛ» አለ ጋሽ ይፍሩ፤
«ዛሬ የሚያሳፍርህ ነው፣ ነገ የማያዋርድህ።»

ቤት ወስጄ፣ ሌሊት፣ አከራዬ እንዳይነቁ በሹክሹክታ
ባሱን ጨመርኩ፣ ትሬብሉን ጨመርኩ፤ ተኛሁ በደስታ።
ቅዳሜ ለሰርግ አዳራሽ ገብተን ድምፁን ስንከፍተው
ባሱ ጭቃ፣ ትሬብሉ ምላጭ፤
አንቺ ሆዬ ቅኝቴ ቀፎው እንደተነካ ንብ ወጣብኝ።
«በሹክሹክታ የመከሩት» አለ ጋሽ ይፍሩ፣ «አደባባይ ላይ ይከዳል።
በምትጫወትበት ጉልበት ነው ቅመም የሚቀመሰው።»

ከወለሉ አነሣነው፣ የቢራ ሣጥን ደርበን፤
ከኋላ ካለው መስተዋት ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን።
እኔ እጄ ወደ መጨመር፣ እሱ ቃሉ አንድ፦ «ቀንስ።»
«ከሰማንያ በታች ቁረጥ፣ የአጸደ የባሷ ርስት ነው፣
ድንበር አትግፋ።
ከሰባት ሺህ በላይ ዝጋ፣ እዚያ ጊታር የለም፣
ያለው ትንኝ ነው።
መሐሉ ላይ ግን፣ ሦስት ሺህ ግድም፣ አንዲት መርፌ አለች።
እሷን አንተ ፈልግልኝ።»

«አንተስ?»

ብርድ ልብሱን በአገጩ አመለከተኝ።
«ፋብሪካው ውስጥ፣ ሽመና ማሽን ሥር፣ አሥር ዓመት ቆሜያለሁ።
ከክሩ ጋር ጆሮዬንም ሸምኖት ቀረ። የላይኛውን አልሰማም።»
ይህን ሁሉ ዘመን ስንት ሰው ራዲዮ ወስዶለታል፣
ማንም አላወቀ።

መዳፉን ስፒከሩ መረብ ላይ አሳረፈ፣
የታችኛውን እጁ እየሰማ፣ የላይኛውን እኔ።
አዳራሹ መጨረሻ ድረስ ሄጄ፣ ከተደረደሩት ወንበሮች ጀርባ፣
አጸደ ክሩን እየመታችልኝ፣ በእጄ ምልክት።
«ትወጋለች?»
«ትወጋለች።»
አንድ ዝቅ።
«አሁንስ?»
«ትንሽ።»
ሌላ አንድ። ከዚያ ግማሽ።

መርፌዋ ከየት እንደወጣች አላየሁም፤
ክሩ ብቻ ቀረ፣ እንጨት እንጨት የሚል፣ ጣት ጣት የሚል።
እጄን ወደ ላይ አወጣሁ። ጋሽ ይፍሩ ግን
መዳፉን አላነሣም፤ ሚዜዎቹ በር ላይ እየጨፈሩ፣
ቆሞ ያዳምጣል።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ገዝሙ ነው።
አላነሣሁትም።
ድምፁን አውቀዋለሁ።